ለደካ ሰዎች የዘገየው መልስ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከቅርብም ከሩቅም የተሰበሰባችሁ ለቀስተኞች፣ በተለይም በዚህ ጭቃ ገና ሳይነጋ ተነሥታችሁ በጭነት መኪና ከጌሻ ወረዳ ከደካ የደረሳችሁ ወገኖቻችን፣ የወንድማችን የዶክተር ልዑልቃል ሣህሌ የሕይወት ታሪክ እነሆ ይነበብላችኋል። የሚያነብላችሁ የአክስታቸው ልጅ መምህር ነቢዩ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳሉ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አስነብበው ሰምተው፣ በዛ፣ ረዘመ፣ ዋናውን ነገር ብቻ ተናገር ብለው አርመውታልና እንደ ፈቃዳቸው ለማሳጠር ተሞክሯል፤ ካልተሳካ ግን ጥፋቱ የራሳቸው ነው፣ አንድ ቦታ አርፈው ቢቀመጡ ኖሮ የሚነገርላቸውም ባነሰ ነበር።

ዶክተር ልዑልቃል ከአባታቸው ከአቶ ሣህሌ አስፋው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሃረግ ደምመላሽ በ1967 ዓ.ም. እዚሁ ቦንጋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ግን ኮረሪማና ጥምዝ እየነገዱ ከቦንጋ ሺሺንዳ፣ ከሺሺንዳ ቦንጋ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ሹፌሩም ረዳቱም በስማቸው የሚጠራቸው ገበያተኛ ነበሩ። ልጁን ቤት ትቼው ብሄድ ጎረቤት ያስቸግራል እያሉ ይዘዋቸው ይሄዱ ስለነበር፣ ሕፃኑ ልዑልቃል ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ገበያ ገብተዋል ማለት ይቻላል። እዚያም እናታቸው ያንኑ ኮረሪማ ለአንዷ ደንበኛ ቀነስ፣ ለሌላው ወደድ አድርገው ሲሸጡ እያዩ ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ እናትየውም ይቺ ሴት እናቴ የሞተች ጊዜ አጠገቤ ያልተለየች ናት ብለው ይመልሱላቸዋል፤ እሳቸው ግን በዚህ አይበቃቸውም፣ ሴትዮዋ ዘንድ ሄደው እስከ መቼ ድረስ በቅናሽ ለመግዛት እንዳሰቡ ይጠይቋቸዋል። ወይዘሮ የሺሃረግ የዚያን ዕለት ያፈሩትን እፍረት እስከ ዕለተ ሞታቸው እያነሡ ይስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን በቦንጋ የተከታተሉ ሲሆን፣ ከወንበር ጋር የማይስማሙ ተማሪ በመሆናቸው መምህራኑ ቢገሥጹ ቢገሥጹ ስላቃታቸው ከኋላ ግድግዳው ሥር ቆመው እንዲማሩ ፈቅደውላቸው፣ ቆመው የተማሩትን ትምህርት በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው ወደ አዲስ አበባ በመሄድ በኢኮኖሚክስ ተመርቀዋል። ከዚያም ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በኅብረት ሥራ ማኅበራት ባለሙያነት ተቀጥረው የካፋን ወረዳዎች በእግርም በሞተር ብስክሌትም አዳረሱ። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ ጥያቄ ከአእምሯቸው አልወጣ አለ፤ ገበሬው ማኅበሩ የተሻለ ዋጋ እንደሚሰጠው እያወቀ ማሩን ወስዶ ዝቅተኛ ዋጋ ለሚሰጠው ነጋዴ የሚያስረክበው ስለ ምን ነው የሚል ጥያቄ ነበር። ሌላው ባልደረባ ቢሆን ገበሬው አልገባውም ብሎ ሪፖርቱን ጽፎ ያልፋል፤ እሳቸው ግን ያልገባውስ እኔን ቢሆን ብለው ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ቀጥሎም በሥራ አመራር ለዶክትሬት ተመለሱ። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትም ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ ሆነው ገቡ፤ ሲያስተምሩም ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ስለሚመላለሱ ተማሪዎቻቸው በኮርሱ ማብቂያ አንገታችንን አመመን ይሉ እንደነበር ዛሬ እዚህ ያላችሁ ትመሰክራላችሁ።

የትዳር ጓደኛቸውን ወይዘሮ ፀዲ ባፈናን ያገኟቸው መንገድ ላይ ነው። ከጌሻ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰው ሁሉ ዝናቡን ፈርቶ ሲቀመጥ፣ ወርደው ከገፉት ሰዎች መካከል ሁለቱ ዶክተሩና በወቅቱ የደካ ጤና ጣቢያ ነርስ የነበሩት ወይዘሮ ፀዲ ነበሩ፤ መኪናው ወጥቶ ቦንጋ እስኪደርስ ድረስም ያልተጠየቁት ነገር እንዳልነበረ ወይዘሮ ፀዲ ያስታውሳሉ። ሽማግሌዎች ደካ ድረስ ሲላኩ የልጅቷ አባት አቶ ባፈና፣ በጌሻ ጫካ ቀፎ ሰቅለው የኖሩ ትልቅ ሰው፣ ስለ ዘርም ስለ ሀብትም ሳያነሡ፣ ለመሆኑ ይህ ሰው ቁጭ ይላል ወይ ብለው ብቻ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ሆኖም ልጅቷ ተሰጠች። ከዚህ ትዳር አብርሆት እና ትሁት ልዑልቃል ተወልደዋል።

በ2010 ዓ.ም. በዞኑ ካሉት ወረዳዎች በአንደኛው የማር መሰብሰቢያና ማጣሪያ ጣቢያ ለመሥራት የተነሣ፣ ስሙን እዚህ መጥራት የማያስፈልገን አንድ ፕሮጀክት፣ ቦታውን የሚመርጥለት ጥናት እንዲሠራለት ዶክተሩን ጠየቀ። እሳቸውም በሌላ አገር ተሠርቶበት የተመሰገነ መጠይቅ አምጥተው፣ አስተርጉመው፣ መረጃ ሰብሳቢ ወጣቶች አሠልጥነው ወደየወረዳው አሰማሩ። ደካ ላይ ገበሬዎቹ በቀበሌው ግቢ ተሰብስበው በየተራ እየተጠሩ፣ ጎረቤት ከኋላ ቆሞ እየሰማ፣ ስንት ቀፎ አለዎት ተብለው ተጠየቁ። ዶክተሩ ዝምድና ጥናቱን እንዳያበላሽ ሲሉ ወደ አማታቸው መንደር አልሄዱም፤ አቶ ባፈናም እንደ ማንም ሰው ተሰልፈው፣ እንደ ማንም ሰው ጥቂት ናት ብለው መልሰው ሄዱ። የተሰበሰበው ሲደመር የጌሻ ማር ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ጥናቱም ተገምግሞ በምርምር መጽሔት ታተመ፣ ተመሰገነ፣ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያበቃቸው ሥራም እሱ ሆነ። ጣቢያው ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ፤ የደካ ሰው ማሩን በበቅሎ ጭኖ ሩቅ ገበያ መውሰዱን ቀጠለ።

መጽሔቱ ቤት የገባ ዕለት ወይዘሮ ፀዲ ስለ ትውልድ ወረዳቸው የተጻፈውን ሰንጠረዥ አይተው ሳቁ። ዶክተሩ የሕትመት ስሕተት መስሏቸው ቀና ብለው ሲያዩዋቸው፣ ሳቃቸው እየበረደ ሄዶ፣ በእኛ አገር ቀፎውን ለሰው የሚቆጥር ማን አለ ብለው ጠየቋቸው። ቀፎው ጫካ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ንቡ በፈቃዱ መጥቶ ይገባል፣ በሰው ፊት ይህን ያህል አለኝ ያለ ሰው በጫካው ላይ እንደ ተመጻደቀ እንደሚቆጠርና በዓመቱ ንቡ እንደሚርቀው ይታመናል፤ ስለዚህ ስንት ነው ተብሎ አይጠየቅም፣ ዘንድሮ ንቡ እንዴት ገባ ነው የሚባለው፤ አባቴ እንኳን ለእናንተ ለእናቴም ቁጥሩን ነግሮ አያውቅም አሏቸው። ቀጥለውም ለምን አስቀድመህ እኔን አልጠየቅኸኝም አሏቸው። በአውቶቡስ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው፣ አንድ ማዕድ የሚቀርቡትን ሚስታቸውን ሳይጠይቁ ቀርተዋል።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ልዑልቃልን ቁጭ ብለው እራት ሲበሉ ያየ የቤተሰብ አባል የለም። ያን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያቸው የነበሩትን፣ ዛሬ በዶክትሬት ማዕረግ በመካከላችን የሚገኙትን ናዝራዊትን ይዘው፣ ማር በሚቆረጥበት ወቅት ጌሻ ወርደው፣ ማንንም ስንት ሳይሉ፣ ከየጫካው መውጫና ከየገበያው መግቢያ ቆመው የሚወጣውን ማር በዓይናቸው አይተው፣ ሰዉንም ንቡ እንዴት ገባ እያሉ እንደ አገሬው አጨዋወት አጫውተው ጥናቱን ከመሠረቱ ሠሩት። ውጤቱም የጌሻ ማር፣ ጣቢያው ከተሠራበት ወረዳ ማር የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ እንዳልሆነ አሳየ። ይህን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ዞሩ፤ አንዱ ፋይሉ ተዘግቷል አላቸው፣ አንዱ ስብሰባ ላይ ነኝ አላቸው፣ አንዱ ደግሞ ያጽናናቸው መስሎት፣ ዶክተር ለምን ራስዎን ይጎዳሉ፣ የዋሸው ገበሬው ነው፣ እርስዎ ምን አጠፉ አላቸው። ፋይሉ መዘጋቱን ችለውት ነበር፤ ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ግን ሊችሏት አልቻሉም። ወንበሩን ገፍተው ወጥተው ከዚያ ቢሮ እስከ ቤታቸው በዝናብ በእግራቸው ሄዱ፤ ባጃጆች ቆመው ቢለምኗቸውም አልገቡም።

በማግሥቱ የመጀመሪያው ጽሑፋቸው ከመጽሔቱ እንዲሰረዝ ራሳቸው ጠየቁ። ወዳጆቻቸው ዝም ቢሉ ማንም እንደማያውቅ፣ ማዕረጉም በዚያ ጽሑፍ ላይ የቆመ እንደሆነ፣ በደመወዛቸው የሚኖሩ ልጆችና የልጆች እናትም እንዳሉ እየነገሩ ሐሳባቸውን ሊያስለውጧቸው ቢለፉም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ጽሑፉ ተሰረዘ፣ ማዕረጉም ቀረ፤ ማረሚያው ከዶክተር ናዝራዊት ጋር በስማቸው ታተመ። እሳቸው ግን በዚህም አላረፉም። የታተመው በእንግሊዝኛ ነው፤ ውሸታም የተባለው ሰው ደካ ላይ በቅሎውን እየጫነ ነው፤ ታዲያ ማን ሰማው እያሉ ይብሰከሰኩ ነበር። ጠይቀናቸው መልሱን ይዘን ጠፋን፣ የተሳሳተውን ይዘን ጠፋን፣ የታረመውንም ይዘን ጠፋን የሚሉት ነገር የዘወትር ንግግራቸው ሆነ። ይህን አፋቸውን ከፍተው፣ በሰዉ ፊት ቆመው ሳይናገሩ ከዚህ ዓለም መለየት አልፈለጉም።

ለዚህም ደክመዋል። መጀመሪያ በቀበሌው በኩል ስብሰባ አስጠርተው ቢሄዱ፣ ሕዝቡ ነገሩ የማዳበሪያ ዕዳ ወይም ሌላ መዋጮ መስሎት አልወጣም፤ አዳራሹ ውስጥ ሊቀ መንበሩና ዝናብ ያስጠለላቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛ በገበያ ቀን ልድረስ ብለው ሲነሡ መንገዱ ተደርምሶ መኪናው ቆመ፤ እሳቸውም መኪናውን ትተው በእግራቸው ሲገሰግሱ ደርሰው ገበያው ተበትኖ አገኙት። ለሦስተኛው ሲዘጋጁ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። እናንተ የምታውቁት ነው፣ እሳቸው እግራቸው ቢያብጥ ጫማ ይለውጣሉ እንጂ ሐኪም ቤት አይሄዱም፤ ወይዘሮ ፀዲ ነርስ ሆነው ሳለ በገዛ ቤታቸው የሚሰማቸው አጥተው ስንት ጊዜ አለቀሱ። በመጨረሻ ኩላሊታቸው መጎዳቱ ታወቀና ወደ ጅማ ተወሰዱ። እዚያም አልጋው አልበቃቸው ብሎ ሲነሡ ሲተኙ፣ በኮሪደሩ ሲንጎራደዱ፣ ነርሶቹ ሲቆጧቸው፣ አጠገባቸው የተኙትን የጅማ ነጋዴ ስለ ቡና ንግድ ሲጠይቁ ሰነበቱ።

ዕለት ዕለት እየደከሙ ሲሄዱ ባለቤታቸውንና ይህን የሚያነብላችሁን ዘመዳቸውን ጠርተው፣ የደካ ሰው ለስብሰባ አይመጣም፣ ለቀብር ግን ማንም አይቀርም፣ ስለዚህ እዚያ ይነገርልኝ አሉ። ወይዘሮ ፀዲ ተቆጡ፤ ስለ ቀብር የሚያወራ በሽተኛ አልፈልግም ብለው ከክፍሉ ወጡ። ዶክተሩ ግን ተመለሺ አላሉም፣ ረቂቁን አምጣና አንብብልኝ አሉ፤ አንብበንላቸው አረሙት። የእናታቸውን የገበያ ወግ ይቆይ አሉ፣ የዲግሪዎቻቸውን ዝርዝርና ስለ ደግነታቸው የተጻፈውን በሙሉ አስወጡ፣ ይህ የሰዎቹን ጊዜ ይበላል አሉ። ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ፣ በሕክምና እየተረዱ ሳለ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

እንግዲህ የደካ ወገኖቻችን፣ የተላከላችሁ ቃል ይህ ነው፤ ቀጥሎም የወይዘሮ ፀዲ ወንድም ኤርምያስ ባፈና በአገራችሁ ቋንቋ በካፊኖኖ ይደግምላችኋል። ዶክተር ልዑልቃል የሚሉት፣ እናንተ አልዋሻችሁም ነው። በማይጠየቅ ቦታ የማይጠየቅ ነገር ተጠየቃችሁ፣ እናንተም በአገራችሁ ሥርዓት በጨዋነት መለሳችሁ፤ ያልገባው የጠየቀው ሰው ነው፣ የጠየቀውም እኔ ነኝ ይላሉ። ማራችሁ ጥቂት አይደለም፣ ጣቢያውም የተወሰደባችሁ በእናንተ መልስ ሳይሆን በእኔ ጥያቄ ነው፤ ይህም ተጽፎ በየቢሮው ገብቷልና ከዛሬ ጀምሮ ገበሬው ዋሽቷል የሚል ባለሥልጣን ቢኖር ስሜን ጥሩበት ይላሉ። ጣቢያው ይመጣ እንደሆነ አላወቁም፣ እኛም አናውቅም፤ ዶክተር ናዝራዊት ማመልከቻውን ይዘው መሄዳቸውን እንዲቀጥሉ አደራ ተሰጥቷቸዋል፣ እሳቸውም እንቢ አላሉም። ሰው በሕይወት ሳለ ሊናገር የለፋበትን ቃል ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ማንበብ ለአንባቢው ምን ያህል እንደሚከብድ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ነገር ግን ታዘናል።

ዶክተር ልዑልቃል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀዲ ባፈናን፣ ልጆቻቸውን አብርሆትና ትሁትን፣ አማታቸውን አቶ ባፈናን፣ እንዲሁም ቁጥራቸው የበዛ ተማሪዎቻቸውን፣ ባልደረቦቻቸውንና ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ይህ በረቂቁ ላይ አልነበረም፣ ዛሬ ጠዋት ከአቶ ባፈና ፈቃድ ተጠይቆ የተጨመረ ነው። ዶክተሩ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሳምንት አቶ ባፈና በዚያ ዕድሜያቸው ከደካ ጅማ ድረስ ተጉዘው መጡ። ሁላችንንም ውጡ ብለው አስወጥተው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ወደ አማቻቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የቀፎዎቻቸውን ቁጥር ነገሯቸው። ተመልሰን ስንገባ ዶክተሩ ዝም ብለው ተኝተው አገኘናቸው፤ እጃቸው እንኳ አይንቀሳቀስም፣ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ፀዲ ስንት አለህ ብለው ቢጠይቁ አልናገርም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዶክተር ናዝራዊት ለጥናቱ ይጠቅማል ብለው ቀስ ብለው ቢያነሡ፣ ያልጠየቅሁት ነውና አይጻፍም አሉ። ለማንም አልተናገሩም፤ ዛሬ ይዘውት ይወርዳሉ።

ለሃምሳ ዓመት አንድ ቀን ቁጭ ብለው የማያውቁትን ወንድማችንን፣ የሰማይና የምድር አምላክ ከደጋጎቹ ጋር መቀመጫ አዘጋጅቶ ይቀበልልን፣ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።